የዚህ መኪና ዲዛይነር

መኳንንት በአሮጌ መኪናው በር ላይ ተገተረ። «አይናዲስ፣ አሮጊትሽን ይዘሽ ዞር በይ! የዲዛይነሩ ስም ይኸው ከጎኔ በቆመው የማሳያ ሰሌዳ ላይ፣ የፋብሪካው አለቃ ነው። ሶ፣ ማስረጃ ካላት ታምጣ!» ሳቁ ከኧርቪንግ ከተማው የመኪና ትርኢት ጎረቤት ከተማ ፎርት ወርዝ ድረስ ተሰማ።

አይናዲስ ደሟ ፈላ። የምትንከባከባቸው አሮጊት፣ ዊልቸር ላይ ያሉት፣ የመኪናውን ውስጥ በወጣትነታቸው እሳቸው እንደነደፉት ሲናገሩ ሰባ ዓመት ማንም አላመናቸውም። ዊልቸሩን መኳንንት እግር ላይ ነድታ በሩን አስለቀቀችውና ከፈተች።

አሮጊቷ ሳያዩ እጃቸውን ከበሩ ክንድ ማሳረፊያ ስር ሰደዱ። ቀጭ! በሩ፣ መኳንንት አስር ዓመት ሲነዳ አይቶት የማያውቀውን ትንሽ መሳቢያ ተፋ። ውስጡ የቆየ ሊፕስቲክ ነበር። አሮጊቷ አነሱትና ሰሌዳው ላይ፣ ከአለቃው ስም በላይ፣ የራሳቸውን ጻፉ።

«በል፣ ወንድ ከሆንክ ጥረገው!» አለችው አይናዲስ።