የገደሉ ጡሩምባ

ፌርናን ሬጂን እገድላለሁ ብሎ ሲዝት የሰማው ሰው ብዙ ነው። ዳቦ ሻጯ ሰምታለች፣ ቄሱ ሰምተዋል፣ ገበያተኛው ሁሉ ሰምቷል።

ነገሩ የተነሳው በውሻ ነው። የሽማግሌው የፌርናን የአደን ውሻ አጥር ዘሎ ሬጂ ግቢ ገባ። ሬጂ አናቱን በአካፋ መታው። ወድቆም አልተወውም፣ ዝም እስኪል ደጋገመው። ሬሳውን ጎትቶ ወስዶ ፌርናን በር ላይ ጣለው። አካፋውን ያጠበችው ሚስቱ ሶሌን ናት።

በገበያ ቀን ፌርናን መጣበት። «እንደ ውሻዬ ነው የምደፋህ» አለው። ሬጂ ሳቀ፣ ሳቁን ሳይጨርስ ሽማግሌውን አፉ ላይ በቡጢ መታው። የሽማግሌው ሰው ሠራሽ ጥርስ ወልቆ ዱባዎቹ መሃል ወደቀ።

«አንሱለት፣ ምሳ ሊበላበት ነው» አለ ሬጂ።



ሬጂ ከተሜ ነው፣ ከሊዮን ነው የመጣው። ሶሌንን አገባና የሞተ አባቷን ቤት የእንግዳ ማረፊያ አደረገው። እሁድ እሁድ እንግዶቹን ይዞ የድሮውን መንደር ያስጎበኛል። የፈረሰውን ግንብ፣ የርግቦቹን ማማ፣ በመጨረሻም ከገደሉ ሥር ያለውን ፏፏቴ። የመንደሩን ነገር አይወድም። ወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የአማቱን የአደን ጡሩምባ እንኳ የመኪና ቁልፍ ማንጠልጠያ አድርጎታል።

ከገበያው ጠብ ወዲህ ሶሌን እንቅልፍ አጣች። አንገቷ ላይ የጠመጠመችውን ሻርፕ ምድጃ አጠገብ እንኳ አታወልቅም። ዳቦ ሻጯ ምን ሆነሻል ብትላት፣ ልጄ ናት የምታሳስበኝ፣ አንድ ነገር ቢመጣ እሷ ምን ይውጣታል አለች። ልጇ አዴል ገና ሁለት ዓመቷ ነው። በር በተከፈተ ቁጥር ጠረጴዛ ሥር የምትገባ ዝምተኛ ልጅ ናት።

«እሁድ እሁድ ገደል አትውረድ በይው» አለቻት ዳቦ ሻጯ። «ፌርናን ጠመንጃ ይዞ እዚያ ነው የሚውለው።»

ሶሌን ነገረችው። እሁድ ጠዋት፣ እንግዶቹ ፊት፣ ቁርስ ላይ ነገረችው። ሬጂ እንግዶቹን በዓይኑ ጠቀሳቸውና ሚስቴ ሽማግሌ ትፈራለች አላቸው። እንግዶቹ ሳቁ።

ሊወጡ ሲሉ አዳኝ ከሩቅ የሚያየው ብርቱካናማ ሰደርያ አንድ ጎደለ። ሶሌን የሬጂን አንስታ ለአንዲት ወፍራም የቤልጅግ ሴትዮ አለበሰቻት። ሬጂ እጁን ማጅራቷ ላይ አሳረፈና ትንሽ አቆየው። ከዚያ ቡናማውን የቆዳ ጃኬቱን ለበሰ።

ገደሉ አፍ ላይ ሲደርሱ ቀይ ሰሌዳ ቆሟል። የከርከሮ አደን አለ፣ ጡሩምባው እስኪነፋ አትውረዱ ይላል። የአዳኞቹ መኪኖች በትልቁ ዛፍ ሥር ተደርድረዋል።

«የሱም መኪና አለ» አለች ሶሌን። ክንዱን ያዘችው። «ሬጂ፣ እባክህ፣ እንመለስ።»

«እስኪ ዝም በይ።»

እንግዶቹ የድሮው ልብስ ማጠቢያ ገንዳ ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። ሶሌን አዴልን አዝላ የለውዝ ኬክ አወጣች።

ከገደሉ ሥር ጡሩምባ ተነፋ። ድምፁ ረዝሞ ወጣና ድንጋዩ ላይ ሞተ። ከዚያ ጸጥ አለ።

«ምን እያሉ ነው እነዚህ ባላገሮች?» አለ ሬጂ።

«አለቀ ማለት ነው» አለች ሶሌን። «ግን ብትቆይስ? መጀመሪያ አዳኞቹ ይውጡ።»

ሬጂ እኔን አስፈራርቶ የሚያስቆም ሽማግሌ ገና አልተወለደም አለ። ሁልጊዜም እሱ ቀድሞ ወርዶ ፏፏቴው ጋ የሚያንሸራትቱት ድንጋዮች ላይ ገመድ ይወጥራል። ገመዱን ትከሻው ላይ ጣለና ወረደ። እንግዶቹ ሊከተሉት ተነሱ። ሶሌን ቁጭ በሉ፣ ገመዱን ሳያስር አይወረድም፣ ደግሞ ኬኩን ሳትጨርሱ ብላ መለሰቻቸው።

ብዙም ሳይቆይ ውሾች ጮሁ።

«አለቀ አልተባለም እንዴ?» አለች የቤልጅጓ ሴትዮ።

«ውሾቹን እየሰበሰቡ ነው» አለችና ሶሌን ሌላ ቁራሽ ቆረሰችላት።

ተኩስ ተሰማ። ከዚያ የሰው ጩኸት፣ እንደ ከርከሮ የተጎተተ ጩኸት፣ ተቆረጠ።

ሬጂ ቁጥቋጦው ውስጥ በሆዱ ተደፍቶ ተገኘ። ለከርከሮ የተሠራ ጥይት በጀርባው ገብቶ በደረቱ ሲወጣ ይዞት የወጣውን ማየት አይቻልም ነበር። ፌርናን አጠገቡ ተንበርክኮ በሁለት እጁ ቀዳዳውን ሊደፍን ይሞክራል። ደሙ እስከ ክርኑ ደርሷል። ከርከሮ መስሎኝ ነው፣ ቡናማ ነገር ሲሮጥ አየሁ ይላል።

ማን ያምነዋል። ፖሊሶቹ ዛቻውንም፣ ውሻውንም፣ ጥርሱንም ሰምተዋል። ባልሽ ሲወርድ ጡሩምባ ተነፍቶ ነበር ወይ ብለው ሶሌንን ጠየቋት። ተነፍቶ ነበር አለች። እንግዶቹም አዎ፣ ሰምተናል አሉ። ፌርናን ራሱ ነፍቻለሁ፣ እኔው ነኝ የነፋሁት አለ።

እጁን አስረው ሲወስዱት አንገቱን አዙሮ አያት። ከአባቷ ጋር አብሮ ያደነ ሰው ነው፣ በሕፃንነቷ አዝሏታል።

«ሶሌን አጠገቡ እያለች እንዴት ይወርዳል?» እያለ ደጋገመ።

ፖሊሱ የሽማግሌ መቀባዠር ነው ብሎ ጭንቅላቱን ጫን አድርጎ መኪናው ውስጥ አስገባው። ፍርድ ቤቱም ሆነ ብሎ ነው የገደለው አለ። ፌርናን እስር ቤት ገብቶ በዚያው ክረምት ሞተ።

በሚቀጥለው ዓመት ቅጠል ሲረግፍ ሶሌን አንገቷን ገልጣ፣ አዴልን ይዛ፣ ገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ነበር። ከገደሉ ሥር ጡሩምባ ተነፋና ልጅቷ ወደ ፏፏቴው ልትሮጥ ብድግ አለች።

«ቆይ የኔ እናት» አለቻት ቀሚሷን ይዛ፣ «አንዴ ከተነፋ ጀመርን ማለት ነው፤ አለቀ የሚባለው ሦስቴ ሲነፋ ነው፣ እኔን አባቴ ያስተማረኝ አንቺን ሳክል ነው።»