የመጋዙ ፊደል

አናጺው አማቷ የቤተሰቡን መጋዝ አምጥተው ከአራስ ልጇ ጎን አጋደሙት። እጀታው ላይ «ደ» ተቀርጿል።

«ስሙ በ‹ደ› ይጀምራል፤ አለቀ! አባቴም፣ እኔም፣ ባልሽም በ‹ደ› ነን። ወንድ በተወለደ ቁጥር እጀታ ስንፍቅ ልንኖር ነው?»

እናቲቱ ከአልጋው ቀና አለች። «ልጄ የመጋዝ ወራሽ ነው ያለዎት ማነው፣ አባባ?» የሕፃኑን ጭብጥ ቀስ ብላ ፈልቅቃ ጣቶቹን አንድ በአንድ ዘረጋች። «ይቁጠሩ፣ አሥር ናቸው! ይሄ መጋዝ ከእርስዎ ስንቱን በላ? ከልጅዎስ?»

ሽማግሌው ግራ እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ።

በሩ ላይ ቆሞ የነበረው ባሏ መጣና በግራ እጁ በቀሩት ሦስት ጣቶች መጋዙን ከአልጋው አነሳ።

«በፈለግሽው ፊደል ስም አውጪለት» አላት፣ አባቱን እያየ። «ከዚህ በቀር።»