የቤት ስም

ነርሷ ከበረዶ ሳጥኑ ያወጣችውን የደም ከረጢት ወደ መብራቱ ከፍ አድርጋ ጽሑፉን ስታነብ፣ ባልየው ከአግዳሚው ብድግ አለ። ሚስቱ ከወለደች ጀምሮ ደሟ አልቆመም፤ ይህ ደም እስኪመጣ ዓይኑ በር ላይ ቀርቶ ነበር። እናቱ “ይኸው መጣልህ፤ አሁን እንኳ ተንፍስ” አሉት።

የነርሷ ፊት ግን ተለወጠ። “እዚህ ላይ የተጻፈችው ሙሽሪት ማናት?”

“እሷው ናት፣ ሚስቴ።” ሊስቅ ቃጣው። “ሦስት ወልዳም ሰፈሩ ሁሉ ሙሽሪት ነው የሚላት። የደሟን ናሙና ደም ባንክ ሳደርስ ስሟን ሲጠይቁኝ አፌ ላይ የመጣልኝ እሱ ነው።”

“ካርዷ ላይ ያለው ሌላ ስም ነው፣ ወንድሜ። ይህን ልሰጣት አልችልም። እንደገና ናሙና ተወስዶ እንደገና መላክ አለበት።” ከረጢቱን ወደ ሳጥኑ መለሰችው። ባልየው ክዳኑን በመዳፉ ይዞ አላስዘጋ አላት። “እኔው ባሏ እየነገርኩሽ!”

ከበሩ ወዲያ ሐኪሙ ሚስቲቱን በካርዷ ስም ደጋግሞ ይጣራ ነበር። ባልየው ክዳኑን ለቆ ወደ በሩ ሮጠ። “ዶክተር፣ በዚያ ስም አትሰማም! ሙሽሪት በሏት!”

“ሙሽሪት” አለ ሐኪሙ። “ሙሽሪት። ሙሽሪት!”

ነርሷ ከረጢቱ ላይ የተጻፈው ስም ሲጠራ ክዳኑን ሳትዘጋ ቆማ አዳመጠች።