ድምፅ ማጉያው ሳይበራ

አይጧ ትሮጣለች። ጭንቅላቷ በብረት መያዣ ስለታሰረ ከቦታዋ ንቅንቅ አትልም፤ የምትሽከረከረው ከእግሯ ሥር ያለችው ኳስ ናት። ተመራማሪዋ ከጥቁሩ መጋረጃ ውጪ ተቀምጣ የአይጧን አንጎል በስክሪን ታያለች። የነቃ ሕዋስ ሁሉ አረንጓዴ ሆኖ ይበራል።

አይጧ አራስ ናት። የተቀዳ የአይጥ ልጆች ጩኸት እያሰሟት አንጎሏ ምን እንደሚል ይቀርጻሉ። ጩኸቱ ከመቅጠኑ የተነሳ የሰው ጆሮ አይሰማውም። የገዛ ልጆቿ፣ ገና ፀጉር ያላበቀሉት፣ እዚያው መጋረጃው ውስጥ ማሞቂያ ላይ በተቀመጠ ሳጥን ውስጥ ናቸው።

አሁን በጩኸቶቹ መሃል እረፍት ነው፤ ቅረጻው ቢቀጥልም ድምፅ ማጉያው ጠፍቷል። መጨለም የነበረበት ስክሪን ግን ይንቦገቦጋል።

«ጋሼ፣ ምንም አላሰማናትም እኮ» ትላለች።

ጋሼ የላብራቶሪው ኃላፊ ናቸው፤ ፀጉራቸው እዚህ ጨለማ ውስጥ ነው የሸበተው። ማሽኑ ነው ይሏታል፤ ካረጀ ወዲህ እንደሳቸው ብቻውን ማውራት ጀምሯል።

እሷ አትስቅም። የሚጮኹት የአይጧ ልጆች ቢሆኑስ፣ ማሞቂያው ጠፍቶ ቢሆንስ ትላቸዋለች። ቅረጻው ሳይቆም መጋረጃው ከተከፈተ ብርሃን ገብቶ መቅረጫውን ያቃጥለዋል፤ ቅረጻው ይቁም ማለት የሚችሉት ደግሞ እሳቸው ብቻ ናቸው። ይህችን አንዲት አይጥ እስኪያገኙ ስንት ቀዶ ጥገና እንደከሸፈባቸው ያስታውሷታል።

«ትንሽ ታገሺ፣ ልጄ። ሊያልቅ ነው።»

እጆቿን ጉልበቶቿ መሃል ቀብራ ትቀመጣለች። አይጧ ሩጫዋን ታፈጥናለች። አረንጓዴው ይበራል፣ ደግሞ ይበራል፣ ከዚያ እየሳሳ ይሄዳል። አልፎ አልፎ ብልጭ ይላል። በኋላ እሱም ይቀራል።

«አየሽ፣ ተስተካከለ» ይላሉ ጋሼ።

ቅረጻው ሲያልቅ መጋረጃውን ትገልጣለች። የማሞቂያው ሽቦ ከሶኬቱ ወልቋል። እጇን ሳጥኑ ውስጥ ትሰዳለች፤ ልጆቹ ወዲያና ወዲህ ተበታትነዋል፣ ሁሉም በርደዋል። ጋሼ ከኋላዋ ቆመው መነጽራቸውን ያወልቃሉ።

ሌላ የምታደርገው ስታጣ አይጧን ፈትታ ወደ ሳጥኑ ትመልሳታለች። እናትየው ልጆቿን ታሸታለች። ከዚያ አንድ በአንድ በአፏ እያንጠለጠለች ሳጥኑ ውስጥ የተነጠፈው ጥጥ ላይ ትሰበስባቸዋለች፤ ሰውነቷን ዘርግታም ትተኛባቸዋለች፣ ልታሞቃቸው።