አርባ ላይ የቆመው ቆጠራ

ኅዳር 5 ቀን 1996 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ የላቦራቶሪ ባለሙያው ትእዛዙ ከማይክሮስኮፑ ቀና ልበል ቢል አንገቱ እምቢ አለው።

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ እንዳቀረቀረ ነው። ለወባው ወረርሽኝ ተብሎ ከሰቆጣ በታች ባለችው ዝቋላ ውስጥ አንድ የትምህርት ቤት ክፍል ተለቆላቸዋል፤ ደም የሚመረምር እሱ ብቻ፣ የምታክም ነርሷ ምስራቅ ብቻ። መብራት የለም። ማይክሮስኮፑ የሚያሳየው በመስኮት የሚገባውን የፀሐይ ብርሃን በመስታወቱ እየተቀበለ ስለሆነ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ሥራውም ያበቃል። ደጅ ወረፋ የያዙት፣ ዐይኑን ቱቦው ውስጥ ጥሎ የሚፈልግ ይመስላል እያሉ ሲስቁበት ውለዋል።

እንዳቀረቀረ ሲቆይ አያመውም። ክፉው ነገር ይኸው ነው። ከቀትር በኋላ የማጅራቱ ሥጋ ሥራውን ትቶ የተኛ ይመስል ዝም ይላል፤ ጭንቅላቱ በጅማት ብቻ ይንጠለጠላል። ቀና ሲል ግን ያ የተኛው ሁሉ ባንዴ ይነቃና ከጆሮው ግርጌ እስከ ትከሻው እንደ ገመድ ይወጠራል።

ጠረጴዛውን ይዞ እንደምንም ቀና ሲል፣ ምስራቅ በሩ ላይ አንድ ገበሬ ስታሰናብት ሰማ። ገበሬው ንብረት ይባላል፤ የስድስት ወር እርጉዝ ሚስቱን ባንቺን ከሰሃላ በቃሬዛ አሸክሞ ጠዋት የደረሰ ነው። ምስራቅ፣ ደሟ ውስጥ ወባ እንዳልተገኘ፣ የወባው መድኃኒት ኩዊኒን የቀረው ለሰባት ሰው ስለሆነ ያለ ውጤት መስጠት እንደማትችል፣ ወደ ሰቆጣ ይዟት እንዲሄድ ትነግረዋለች። ንብረት መንገዱ ስንት ቀን እንደሚፈጅ አልጠየቀም። ባንቺ ደጅ ግራር ሥር ተኝታ ከማይታይ ሰው ጋር ታወራለች።

ትእዛዙ የባንቺን ደም ያየው ስድስት ሰዓት ላይ ነበር። ከተቀባው ደም መቶ ቦታ ሳይታይ ወባ የለም አይባልም። እሱ ግን አርባ ላይ ሲደርስ አንገቱ ከዳው፤ ግንባሩ ከማይክሮስኮፑ ብረት ጋር ተጋጨ፤ ቆጠራው ጠፋበት፤ ወረፋው ይጮህ ነበር። «የለም» ብሎ ጻፈ።

«ምስራቅ፣ ቆይ፤ አትስደጃቸው» አለ።

«ምነው?»

«የሷን ጨርሼ አላየሁትም።»

ምስራቅ በሩ ላይ ቀረች። ወደ ውስጥ የገባው ንብረት ነው።

«ታዲያ ምን አይተው ጻፉት?» አለ፣ ድምፁን ሳያነሳ።

ትእዛዙ ከተደረደሩት የደም ስላይዶች የባንቺን ፈልጎ አስገባና አቀረቀረ። አሁን ግን አንገቱ ማቀርቀሩንም አልችል አለ። ራሱ ሲንቀጠቀጥ የሚያየው ደም ከፊቱ ይዘላል፤ አምስት ቦታ እንኳ መቁጠር አቃተው። መስኮቱ ላይ ያለው ብርሃን ወደ ጥግ ሸሽቷል።

ንብረት ከኋላው መጣ። በአውራ ጣቱ ማጅራቱን ጫን ጫን እያደረገ ዳሰሰው፣ ቀንበር ያቆሰለውን በሬ እንደሚዳስስ። ከዚያ አንዱን መዳፍ ግንባሩ ላይ፣ ሌላውን ከኋላ አድርጎ ጭንቅላቱን ያዘው።

«አንገትህን ለኔ ተወው» አለ፤ አንቱታው ቀርቷል። «አንተ ዐይንህን ብቻ ያዝ።»

እነዚያ እጆች ቢፈልጉ ሊሰብሩት ይችሉ ነበር። ትእዛዙ ሰውነቱ ይህን እያወቀ ክብደቱን ለቀቀላቸው። ደሙ መዝለሉን ተወ። ከአንድ ጀምሮ ድምፁን አውጥቶ መቁጠር ያዘ። ሃያ። አርባ። አርባ አንድ። ንብረት ከበላዩ በአገሩ ቋንቋ በኽምጣኛ ያነበንባል፤ ጸሎት ይሁን እርግማን ለትእዛዙ አልገባውም። ስልሳ ላይ መስታወቱን ወደሸሸችው ፀሐይ አዞረ።

ሰባ አንድ ላይ መቁጠሩን አቆመ።

«ምንድን ነው?»

«አትልቀቀኝ።»

ፈርጥ ያላት ቀለበት የምትመስል ትንሽ ነገር ናት፤ ወባዋ ራሷ። ቀጥሎ ባለው ቦታ ሌላ አለ። ከሱ አጠገብ ሁለት።

«ምስራቅ፣ ኩዊኒኑን ስቀይላት።»

ምስራቅ ኩዊኒኑ የሚገባበትን ግሉኮስ ይዛ ወደ ግራሩ ሮጠች። ንብረት ግን ወዲያው አልተከተላትም። እጆቹ እንዳሉ ነበሩ። ትእዛዙ እንደተያዘ መዝገቡን ሳበ። የመጀመሪያውን «የለም» አልሰረዘውም፤ አዲሱን ከነሰዓቱ ከጎኑ ጻፈ።

ባንቺ ሰኞ ከሰዓት በኋላ ነቅታ ውኃ ጠየቀች። ጽንሱ ሐሙስ ዕለት ወረደ። ወንድ ነበር።