ከአሥር ዋት በላይ

የደባርቁ ሬዲዮ ሠራተኛ ክንዴ መኪና እንዲልኩለት ጎንደርን ቢጠራ፣ ቢጠራ የሚሰማው አጣ። ከግድግዳው ማዶ ሚስቱን ከትናንት ጀምሮ ምጥ ይዟታል። ከአሥር ዋት በላይ ክልክል ነው ተብሎ የሬዲዮው ኃይል ማጉያ በሰም ታሽጓል። ክንዴ መረረው፤ እንደሚያሳስረው እያወቀ እሽጉን ሰበረና ማጉያውን አበራው።

"አሁን ሰማሁህ፣ ጓድ" አለው የጎንደሩ ሬዲዮ ሠራተኛ አዘዘ በጆሮ ማዳመጫው። "ምነው፣ ለቅሶ ቤት ነህ እንዴ? የሴቶቹ ጩኸት ድምፅህን ዋጠው።"

"እዚህ ማንም አያለቅስም። መኪና ላኩልኝ ነው የምልህ።"

"ቆይ እስቲ። እቴነሽ፣ እቴነሽ የሚሏት ማን ናት?"

ክንዴ የሚስቱን ስም ለአዘዘ ነግሮት አያውቅም። ማዳመጫውን ከጆሮው ሲያወልቅ፣ ከግድግዳው ማዶ እቴነሽ ማንም ሳይጠራት፣ "አቤት" አለች።