የለጋ ባሕር ዛፍ ቅጠል ጀርባ

መኪናዋ ያረጀችው ከሹፌሯ ጋር ነው። ጎልማሳ ሳለ አዲሷን ተረክቧት፣ ዕድሜ ልኳን ጭነት ስታመላልስ ኖራ፣ በመጨረሻ ከሹፌሩ ቤት ጀርባ ካለው መጋዘን ገብታ ቆመች። ዶሮዎች ጋቢናዋ ውስጥ እንቁላል ይጥሉባት ነበር። እኔ ብሆን ለዶሮዎቹ ትቼላቸው ነበር።

አንድ ቀን አሮጌ መኪና የሚሰበስብ ሰው መጣ። ነጭ ጫማ አድርጎ መጋዘን የሚገባ ሰው ነው፣ እንግዲህ ዓይነቱን እዩት። መኪናዋን ዞሮ ዞሮ አያትና፣ "እወስዳታለሁ" አለ። "ግን ሁሉ ነገሯ ከፋብሪካ እንደወጣች ይሁንልኝ። የሞተሩ ቀለም ሳይቀር።"

"ሞተሩን ደግሞ ማን ያየዋል? ኮፈን ይከደንበት የለም እንዴ?" አለች የሹፌሩ ሚስት።

"እኔ አየዋለሁ፣ እናቴ።"

ችግሩ እዚህ ላይ ነው፣ ልጆቼ። ፋብሪካው ሞተሩን አንዱን ዓመት ሰማያዊ፣ ሌላውን ዓመት ግራጫ፣ ሲያሻው ደግሞ ሌላ እየቀባ ያወጣ ነበር አሉ። ይቺ መኪና ደግሞ በየጋራዡ ስትዞር ቀይም ብርማም ተለቅልቃለች። የመጀመሪያውን ያየ ሹፌሩ ብቻ ነው።

ልጃቸው ለዚሁ ሲባል ከሩቅ ከተማ መጣ። እሱም ፋብሪካ ውስጥ ቀለም ቀቢ ነው፤ ቀለም ሲደባልቅ ነው የሚውለው። "ያለኝ ፈቃድ ጥቂት ነው፤ ይቺን ጨርሼ እመለሳለሁ" አለ። ሻንጣውን እንኳ ሳይፈታ በሩ አጠገብ አቆመው።

በመጣ ማግስት ከዲናሞው ሥር የጋገረውን ግራሶ በናፍታ እያራሰ ሲፍቅ ዋለ። እንዲህ ያለ ጥግ የድሮውን ቀለም ደብቆ ያቆያል ይላሉ፤ እኔ እንደሰማሁት ነው የምነግራችሁ።

"አገኘህ?" አለ አባቱ ከበላዩ ቆሞ።

"ምንም የለም አባዬ። እስከ ብረቱ ተልጧል።" ከዚያ ወደ ቤት ዞሮ ተጣራ። "እማዬ! ባዶ የክብሪት ቀፎ አለሽ? ለእነዚህ ትንንሽ ብሎኖች!"

"እንግዲያው በእኔ ጭንቅላት ነው የምትሠራው" አለ አባት። "የባሕር ዛፍ ለጋ ቅጠል ታውቅ የለ? ጀርባውን። አረንጓዴ ነው ስትለው አመድ አመድ የሚልህን። እሱ ነው።"

ልጁ ደባለቀ። አባት እርጥቡን አየና "እሱ ነው!" ብሎ አጨበጨበ። ልጁ ሊቀባ ሲል "አባዬ፣ እስቲ ጨርቅ አምጣልኝ" አለው፤ አባት ጨርቅ ይዞ መጣ። ተቀባ። ሲደርቅ ጠቆረ። ፍቀው እንደገና ቀቡት፤ አሁን ደግሞ ሰማያዊ መሰለ። ተፋቀ፣ ተቀባ፣ ተፋቀ። አባት ለጨርቅ ሲመላለስ እግሩ ቀጠነ። ቤቱ ሁሉ፣ ትራሱ ሳይቀር፣ የቀለም ማቅጠኛው፣ አኳራጅ አኳራጅ ሸተተ።

"ሞተሩን ልትድሩት ነው እንዴ? ለሙሽራም እንዲህ አይለፋም!" አለች እናት።

ልጁ ስልኩን አየት ያደርግና "አለቃዬ ተቆጥቷል" ይላል። ስልኩ ሲጮህ ሰምታው አታውቅም፤ ድምፁን አጥፍቶት ይሆናል። ሻንጣው እዚያው በሩ ጋ ቆሟል። ባለ ነጭ ጫማው "ደረሰ?" እያለ ይመላለሳል። እሷም ከመስኮት ወደ በር፣ ከበር ወደ መስኮት። ልጄ ሥራውን ቢያጣስ? ሌላ ሐሳብ የላትም።

አንድ ማለዳ ወደ መጋዘኑ ብቅ ብትል ባሏን ብቻውን አገኘችው። ከክፍቱ የቀለም ቆርቆሮ አጠገብ ሞተሩ ላይ አጎንብሷል። ሲያያት ደንገጥ ብሎ እጁን ከኋላው ደበቀ።

ያን ጊዜ በራላት። ልጁ እንዳይሄድበት ነዋ! ለካ ቀለሙን የሚያበላሸው ይሄ ሽማግሌ ነው።

"አንተ ሰውዬ፣ አታፍርም?" አለችው። "ናፍቆህ ከሆነ በአፍህ ንገረው! ልጄን ሥራ ልታስፈታው ነው?"

"ምን አደረግሁ?"

"እጅህን አሳየኝ!"

የጣቱ ጫፍ በቀለም ጠቁሯል።

"ደርቆ እንደሆነ ብዬ ነው የነካሁት። ዓይኔን አላምነው ብዬ" አለና አሮጌ ጎማ ላይ ቁጭ አለ። "ቅጠሉ አሁንም ፊቴ ላይ ነው ያለው። ስንቀባው ግን ሌላ ይሆንብኛል። እውነቱን ንገሪኝ እስቲ፣ ጭንቅላቴ እየከዳኝ ይሆን?"

ፊቷን አዞረችበት።

ልጁ ፎጣውን አንገቱ ላይ ጥሎ ገባ። አባት ቀና ብሎ ማየት አቃተው። "ሂድ ልጄ" አለ። "ደስ ያለህን ቀብተህ ወደ ሥራህ ሂድ። እኔ ረስቼዋለሁ።"

"ኧረ አባዬ!" ልጁ ጎማው ላይ አጠገቡ ተቀምጦ ትከሻውን አቀፈው። "ቀለምህን ሳላገኝልህ የት እሄዳለሁ? አለቃዬ እንደፈለገ ይጩህ።"

የእናት አንጀት፣ መቼም ታውቁታላችሁ። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። እንዲህ ያለ ልጅ ከዚህ ዓይነት አባት እንዴት ወጣ? ባሏን በዓይኗ ገርፋው፣ ቀለም የነካውን ሸሚዝ ከልጇ ላይ አስወልቃ ወደ ማጠቢያው ወሰደችው።

ከመዘፍዘፏ በፊት ኪሱን ስትዳብስ የክብሪት ቀፎውን አገኘች። ብሎኖቹ ከነቀፎው እንዳይርሱ ብላ ወጣ አድርጋ ከፈተችው።

ብሎን የለበትም፤ ጥጥ ላይ አንዲት የቀለም ቅርፊት ተኝታለች፣ ዳር ዳሯን ግራሶ ነክቷታል፣ መልኳ ቁርጥ የለጋ ባሕር ዛፍ ቅጠል ጀርባ።